ከፍልሰታ በፊት ያለችው ሳምንት

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። አንተም ስልክህን ኪስህ ክተታት፣ የትም አትሄድብህም። አንቺ ልጄ ከበሩ ፈቀቅ በይ፣ ነፋሱ ጀርባሽን ይመታሻል። ዛሬ የማወራችሁ እዚሁ ሮም ስለሆነ ነገር ነው፤ ስለ ሁለት ሴቶችና ስላቀዱት መንገድ። ረጅም አይደለም። ግን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ መሐሉ ላይ ከበድ ይላል።

መዓዛ የምትባል ሴት አለች። ፒኜቶ በሚባለው ሰፈር፣ ትራሙ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ በሚንቀጠቀጥበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከልጇ ከሳምራዊት ጋር ትኖራለች። ስንቱን ሽማግሌ አጥባ፣ ስንቷን አሮጊት ደግፋ ደረጃ አውጥታ፣ አሁን ወገቧ እንቢ ሲላት ጠዋት ጠዋት ቢሮ ታጸዳለች። ዓይናለም ጓደኛዋ ናት፤ በዕድሜ መዓዛ ትበልጣታለች። ጓደኛ ስላችሁ እንዲያው መንገድ ላይ ሰላም የሚባባሉ እንዳይመስላችሁ። ዓይናለም ሮም የገባች ለት ተርሚኒ ጣቢያ ቆማ የተቀበለቻት መዓዛ ናት። ወረቀቷ እስኪወጣ ሶፋዋን የለቀቀችላት፣ የመጀመሪያ ሥራዋን ያስያዘቻትም እሷው ናት። ስለዚህ መዓዛ አንድ ነገር ካለቻት ዓይናለም እንደ ታላቅ እህት ቃል ነው የምትቀበለው።

ዓይናለም የምትሠራው ፊሳ ነው፤ ከአሠሪዋ ቤት እያደረች ማለት ነው። አንዲት የደከሙ ሲኞራ ትጦራለች። የራሷ የምትላት ጊዜ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ናት። ቅዳሜ ማታ ፒኜቶ መጥታ ሳምራዊት ክፍል ታድርና እሑድ ጠዋት ሦስቱም ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። በዓመት አንዴ፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ የሲኞራዋ ልጅ እናቱን ወደ ባሕር ይወስድና ያኔ ዓይናለም ፌሪዬ፣ የዓመት ዕረፍት፣ ትወጣለች።

አባቷ ጋሽ አምኃ ይባላሉ፤ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኤንትሬ የሚባለውን ያን ግዙፍ የጭነት መኪና ሲነዱ ነው የኖሩት። ሚስታቸው ገና በወጣትነቷ ስትሞትባቸው ዓይናለምን ጋቢና ውስጥ አስቀምጠው ይዘዋት ይዞሩ ነበር። ልጅቷ ከፊደል በፊት ማርሽ ነው ያወቀችው ይላሉ። ታዲያ ዓይናለም በዚህ ዕድሜዋ፣ በጣሊያንኛ የሚሰጠውን የጽሑፍ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃ፣ ባለፈው በልግ ፓቴንቴዋን፣ የመንጃ ፈቃዷን፣ አወጣች። ጋሽ አምኃ እሑድ እሑድ በስልክ ሌላ ጨዋታ የላቸውም። ነዳሽ ወይ? አልነዳሁም። ታዲያ ፈቃዱን ያወጣሽው ሳጥን ውስጥ ልታስቀምጪው ነው? እየሳቀች ትዘጋለች።

በዚህ ዓመት ዓይናለም ያሰበችው በፌሪዬዋ ኮምቦልቻ ለመሄድ ነበር። አባቷ ልባቸውን ማመም ጀምሯቸዋል፤ ደረጃ ሲወጡ ይቆማሉ ብሎ ታናሽ ወንድሟ አቤል ነግሯታል። ያን ጊዜ ነው መዓዛ የተናገረችው። በሐምሌ እዚያ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው አለቻት። አባትሽ መድኃኒታቸውን ይዘዋል፣ ለገና ሂጂ፤ ዘንድሮ አንዴ እንኳ እንደ ሰው ፌሪዬ እንውጣ፤ ራስሽ እየነዳሽ፣ ፎቶውን ይዘሽላቸው ትሄጃለሽ አለቻት።

መዓዛን አትፍረዱባት፣ ቢያንስ ገና። ሮም ስትኖር ስንት በጋ ባሕር ዳር ሄዳለች፤ የሰው ፎጣ ተሸክማ፣ የሰው ሕፃን እያባበለች። ለራሷ ግን አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም። ዓይናለም ወደ አገር ስትሄድ እሷ በዚያ ሙቀት ባዶ ከተማ ውስጥ ብቻዋን ትቀራለች። ይህንን ፈራች። ዓይናለምም አባቷን ጠየቀች፤ ጋሽ አምኃ ደስ አላቸው። ሂጂ ንጂ፣ ለገና ስትመጪ ትነግሪኛለሽ አሏት። በዚህ ተቆረጠ።

የሚሄዱበትን አገር የመረጠችው ሳምራዊት ናት። ትምህርት ላይ ሳለች ኢስቶኒያ የምትባል አንዲት ትንሽ የሰሜን አገር ጥቂት ወራት ተቀምጣ ነበር። አሎራ፣ እንግዲህ አለች፣ አገሩ ጠፍጣፋ ነው፣ መኪና አይበዛበትም፣ ሰዉ ጡሩምባ አይነፋም፤ ዚያ ዓይኒ፣ ዓይናለምን አክስቴ ማለቷ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትነዳ ከሆነ ከዚያ የተሻለ የለም። ጊዜውም ተወሰነ፤ ሲኞራዋ ወደ ባሕር ከሄዱ በኋላ፣ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ያለችው ሳምንት። ጾሙን ደግሞ በሰው አገር መንገድ ላይ አንጀምረውም አለች መዓዛ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ በመጣ ቁጥር የመዓዛ ማዕድ ቤት የሹፌሮች ቢሮ መሰለ። ዓይናለም የስልኩን ካርታ አላምንም ብላ የወረቀት ካርታ ገዝታለች። ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋውና የሚያድሩበት ከተማ ላይ የሽምብራ ፍሬ ታስቀምጣለች። ትራሙ ሲያልፍ ሽምብራው ይንከባለላል። ይኸው፣ ታሊን ያደርነው ሰዎች ባሕር ገባን ትላለች፤ እንደገና ትደረድራለች። ከታሊን ወደ ታርቱ፣ ከታርቱ ወደ ፓርኑ፣ ከዚያ መኪናውን ጀልባ ላይ ጭነው ሳሬማ ወደምትባለው ደሴት።

አንድ ቀን ሳምራዊት የአገሩ ትልቁ ተራራ ይኸው ብላ ኮምፒውተሯ ላይ አሳየቻቸው። ዓይናለም መነጽሯን አደረገችና አየች።

«ይሄ ነው ተራራው?» አለች። «ለዚህማ አባዬ ማርሽም አይቀይርለት።»

ሣቁ እንዳይመስላችሁ ቀላል፤ መዓዛ ወገቧን ይዛ ነው የሳቀችው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የሴቶች ገዳም እንዳለ፣ ምንጭ እንዳለው፣ ሰው እንደሚጠመቅበት ሳምራዊት ነገረቻቸው። ያኔ መዓዛ በዚያ በኩል ካላለፍን አልሄድም አለች፤ ሌላ ሽምብራ ተጨመረ።

ሰኔ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። መዓዛ ጠዋት ቢሮ ስታጸዳ ስልኳ ጮኸ፤ አቤል ነው። ድምፁን ስትሰማ አወቀች። እትዬ መዓዛ፣ ብቻሽን ነሽ ወይ አላት።

ጋሽ አምኃ በተኙበት አርፈው፣ በዚያው ቀን ተቀብረዋል።

እናንተ እዚህ የተወለዳችሁት ላታውቁት ትችላላችሁና ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ለሐዘኑ ባለቤት በስልክ አይነገርም። መጀመሪያ ለቅርቡ ሰው ይነገራል። ያ ሰው ትልልቅ ሰዎችን ይሰበስባል። ማለዳ፣ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ተሰብስበው ሄደው ያረዱታል። ይህ መርዶ ይባላል። ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው ዘዴው። ጥሩ ልማድ ነው፤ እኔ በልማዱ ላይ ቃል የለኝም። ግን እስኪነገር ድረስ ባለው ጊዜ ወሬውን የያዘ ሰው ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይኖራል። እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው መዓዛ የገባችው።

አቤል ዓይናለም እንዳትጠረጥር አባዬ ጸበል ገብቷል እላታለሁ፣ እዚያ ስልክ አይሠራም፤ እናንተ ደግሞ ቶሎ ንገሩልን አላት። መዓዛ የማኅበሩን ሽማግሌ አቶ ገብረሃናን አገኘች። እሳቸውም የፊታችን እሑድ ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን አሉ።

መዓዛ እሺ ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። ሲኞራዋ በዚህ ሳምንት ታመዋል አለች፣ ልጃቸውም ውጭ አገር ነው፣ ዓይናለም ብቻዋን ነው የምታነሳ የምትጥላቸው፣ አሁን ብንነግራት ትወድቃለች፤ ሲኞራዋ ይሻላቸውና እንንገራት። ሐሰትም አልነበረም፤ ሲኞራዋ በእርግጥ አሟቸው ነበር። አቶ ገብረሃና አንገታቸውን ነቀነቁ። እንግዲህ ቅርቧ አንቺ ነሽ፣ አንቺ እንዳልሽ አሏት።

ሲኞራዋ ተሻላቸው። መዓዛ ግን አልተናገረችም። ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣት ለራሷ የምትለው ነበራት። እሳቸው እንደሆነ አይመለሱ፣ ቀብሩም አልፏል፤ ምስኪን፣ ያችን አንዲት ሳምንት ትደሰትና ስትመለስ ይነገራት። ይህን ስትል ለዓይናለም የምታዝን ይመስላታል። ከሥሩ ያለውን ግን ታውቀዋለች። ዓይናለም ያወቀች ቀን፣ በሐምሌ ልሄድ ብዬ ነበር፣ ማነው ያስቀረኝ ትላለች። ያን ጥያቄ ነው መዓዛ የሸሸችው፤ በወዳጇ ደስታ ተከልላ።

ከዚያ አቤል እንደገና ደወለ። አርባው የሚወጣው ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ድንኳን እንጥላለን፣ ለቀብሩ ያልደረሰች ለአርባው ትደርሳለች ወይ አለ። አርባው የወደቀው በዚያችው፣ ከፍልሰታ በፊት ባለችው ሳምንት ነው። ታርቱና ፓርኑ መሐል በሚሆኑበት ቀን። መዓዛ በእጇ የያዘችውን መወልወያ አቆመችና አሠሪዎቿ ፈቃድ ከለከሏት አለችው። ቃሉ ሲወጣ ቀሎ ነው የወጣው፤ ከወጣ በኋላ ነው የከበደው። አቤልም ምን ይደረግ፣ የሰው ቤት ነው ብሎ ዘጋ።

አያችሁ፣ መዘግየት አንድ ነገር ነው። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። መዓዛም አውቃዋለች። በዚያ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ወደ ውስጥ አልዘለቀችም፤ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆማ ቀረች። ዓይናለም ወገብሽን ነው ወይ ብላ ወንበር አመጣችላት። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እሳት ላይ የተቀመጠች ነው የመሰላት።

ቀጥሎ የመጣው ሐሙስ ነው ነገሩን የሰበረው። ዓይናለም በጣም ደስ ብሏት መጣች። ሳምራዊት መኪናውን አስይዛለች፣ ጀልባውም ተይዟል። ዓይናለም ከገዳሙ ምንጭ ለአባቷ ውኃ የምታመጣበት ጠርሙስ ሳይቀር ገዝታለች፤ እሱም ጸበል ነው ያለው፣ የፈረንጁን ጸበል ቢቀላቅልበት ምን ይላል እያለች ትስቃለች። ሽምብራዋን ደረደረችና ስልኳን አወጣች። አባዬ ከጸበል ሲወጣ ይሰማው ብላ ድምፅ ልትልክላቸው ነው።

«አባዬ፣» አለች ስልኩን እንደ ማይክራፎን ይዛ፣ «ከአሁኑ መንገዱን ልንገርህ። በሐምሌ መጨረሻ እንነሳለን። ቁልቁለት የለ፣ ዳገት የለ፤ አንተ ብትነዳበት ይወስድሃል እንቅልፍ። በጠራራ ፀሐይም ቢሆን መብራት ማብራት ግዴታ ነው። ሚዳቋ መሰል ትልቅ አውሬ መንገድ ይቆርጣል አሉ፤ አንተ ለግመል እንደምታደርገው እኔም ቀስ እላለሁ። ቆይ፣ መዓዚም እዚህ አለች።»

ስልኩን ወደ መዓዛ አፍ አስጠጋችው። ጋሽዬን ሰላም በይው እንጂ ብላ በዓይኗ ትጠቅሳታለች።

መዓዛ የስልኩን ቀይ ነጥብ አየች።

«ጋሽ አምኃ፣» አለች፣ «እንደምን ሰነበቱ። ጸበሉ ይማርዎ። ልጅዎ ጎበዝ ሹፌር ወጥቷታል። ... እግዜር ያቆይልን።»

ዓይናለም ላከችው። ተላከ። መዓዛ ተነስታ ውኃ ቧንቧውን ከፈተችና እጇን ስትታጠብ፣ ስትታጠብ ቆየች። ሳምራዊት ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ፣ ማማ፣ ቱቶ በኔ፣ ደህና ነሽ ወይ አለቻት። ደህና ነኝ አለች።

ያ ድምፅ የት እንደሚደርስ አላሰበችውም። በማግስቱ አቤል ደወለ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። የአባቴን ስልክ እኔ ነኝ የያዝኩት፣ ድምፁን ሰማሁት አላት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እስካሁን ቻርጅ አደርገዋለሁ።

«እትዬ መዓዛ፣» አለ ቀጥሎ፣ «ፈቃድ ከለከሏት ብለሽኝ አልነበር?»

መዓዛ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«እኔ ለሰው ሁሉ እንደዚያው ነው የነገርኩት። አክስቴ ጠዋት ማታ እነዚያን ፈረንጆች ትረግማለች። አባቴ ሲሞት ስሟን ጠርቷል ብዬ አልዋሽሽም፤ ተኝቶ ነው የሄደ። ግን አርባውን ትድረስ። እኔ ልደውልላት?»

አትደውል አለችው መዓዛ። እኔ ያጠፋሁትን እኔው አነሳዋለሁ አለችው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ባጸዳችው ቢሮ ወለል ላይ ቁጭ አለች፤ አንድ የቢሮው ሠራተኛ መጥቶ ሲኞራ፣ ምን ሆንሽ እስኪላት ድረስ።

የዚያኑ ቀን አቶ ገብረሃናን ፍለጋ ሄደች። ከተርሚኒ ጀርባ ካለችው የሐበሻ ቡና ቤት ውጭ፣ ሻያቸውን በብርጭቆ ይዘው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ለአቤል የዋሸችውን ሳይቀር ነገረቻቸው። ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አዟዟሩ። አልቆጧትም። እሑድ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን አሉ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ጎንበስ አሉና ጨመሩ፤ መቼ ብላ ስትጠይቅ ወሬው ትናንት ነው የደረሰን እንላታለን፣ ሁልጊዜም የሚባለው እንዲህ ነው፣ አቤልንም እኔ አነጋግረዋለሁ፣ የአንቺ ነገር እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። መዓዛ እጃቸውን ስማ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ቀልሏት ነው የሄደችው። ፒኜቶ ደርሳ ደረጃውን ስትጀምር ግን ያ ቅለት ጥሏት ሄደ።

ቅዳሜ ዕለት፣ ዓይናለም ከመምጣቷ በፊት፣ ለሳምራዊት ነገረቻት። ሳምራዊት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት በጣሊያንኛ ብዙ አለች፤ እሱን ልተወው። በአማርኛ ያለችው አንዲት ነገር ናት፤ «ማማ፣ እኔ ብሆንስ?» ከዚያ በሯን ዘጋች።

ዓይናለም በዚያ ምሽት ሻንጣዋን ይዛ ነው የመጣች፤ ለጉዞው የገዛችውን የዝናብ ካፖርት ለብሳ አሳየቻቸው። ሳምራዊት ራሴን አሞኛል ብላ ተኛች።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ተሰማ፤ ሰዉ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያጣፉ ሴቶች፣ ከኋላ አቶ ገብረሃና። መዓዛ በሩን ቀድማ ከፍታ ስለነበር ማንም አላንኳኳም። ጠባቡ ሳሎን ሞላ። ዓይናለም ፊቷን ታጥባ፣ ፎጣ ይዛ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ አየቻቸው። አንድ በአንድ ፊታቸውን ተመለከተች። እሷ ናት የቀደመች።

«አባዬ ነው?»

አቶ ገብረሃና አዎ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ አሏት። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ያዟት። አለቀሰች፤ ሰዉም አለቀሰ። ለቅሶው ጥቂት ጋብ ሲል ዓይናለም ፎጣውን ከፊቷ አነሳችና ያ የተፈራው ጥያቄ መጣ።

«መቼ?»

«ወሬው ትናንት ነው የደረሰን፣» አሉ ሽማግሌው።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወለሉን አየ። ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። መዓዛ ከበሩ ጥግ ቆማለች፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ዝም ብትል ማንም አይነግርባትም።

«አይደለም፣» አለች መዓዛ። «ሰኔ ላይ ነው። አቤል ያኔውኑ ነግሮኛል። እሑድ ይነገራት ሲሉ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ለአርባው ፈቃድ የላትም ብዬ ለአቤል የዋሸሁትም እኔ ነኝ። በሐምሌ አትሂጂ ያልኩሽ እኔ ነበርኩ፤ ፊትሽን ፈርቼ ነው።»

አቶ ገብረሃና ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ዓይናለም መዓዛን ትኩር ብላ አየቻት፤ የማታውቀውን ሰው እንደምታይ።

«እግዜር ያቆይልን ብለሽዋል፣» አለቻት። «አጠገቤ ተቀምጠሽ።»

ፊቷን ወደ ሴቶቹ አዞረችና ለቅሶዋን ቀጠለች።

ሐዘኑ በመዓዛ ቤት ነው የተቀመጠ፤ ሌላ የት ይቀመጣል። ሰው ዳቦና ፍራፍሬ፣ በፔርሙዝ ሻይ እየያዘ ይመጣል። መዓዛ ከሥራ ቀርታ ታስተናግዳለች፤ ወንበር ታመጣለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ ሰው ትሸኛለች። ዓይናለም ከሁሉም እጅ ትቀበላለች፣ ከመዓዛ እጅ ግን አትቀበልም። መዓዛ ሻዩን አጠገቧ ታስቀምጥላታለች፤ ይቀዘቅዛል፤ ትወስደዋለች። አልተከፋችም። ይገባኛል ብላ ነው።

በሁለተኛው ቀን የሲኞራዋ ልጅ አበባ ይዞ መጣ። እናቴ ታለቅሳለች አለ፤ ፌሪዬውን አትጠብቂ፣ ዛሬም ከሆነ ሂጂ፣ እኛ እንችላለን አለ። መዓዛ በር ከፍታለት ቆማ ሳለ፣ ኮምቦልቻ ላይ በከንቱ የሚረገሙት እነዚህ ናቸው ብላ አሰበችና ዓይኑን ማየት አቃታት።

ሳምራዊት መኪናውን ሰረዘች፣ ጀልባውን ሰረዘች፣ ታርቱ ያለውን ቤት ሰረዘች። ከዚያ በዚያው ኮምፒውተር ለዓይናለም የአዲስ አበባ ትኬት ቆረጠች። መዓዛ ማዕድ ቤት ውስጥ ሆና የቁልፎቹን ድምፅ ትሰማ ነበር።

የምትሄድበት ቀን ሳምራዊት ትሸኘኝ አለች ዓይናለም። መዓዛ ሻንጣውን አንስታ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። ዓይናለም ከኋላዋ ናት። አንደኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ዓይናለም እጇን ዘርግታ ሻንጣውን ወሰደች። በኋላ ወገብሽን ያምሻል፣ ተይው አለቻት። ከእሑዱ ወዲህ የተናገረቻት ይህችን ብቻ ነው። መዓዛ እዚያው ደረጃ ላይ ቆማ፣ የታችኛው በር እስኪዘጋ ድረስ ሰማቻቸው።

ያች ሳምንት መጣች። ሮም ባዶ ነው፣ ሱቁ ሁሉ ዘግቷል፣ አስፋልቱ ይቀልጣል። በአርባው ቀን መዓዛ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በዚህ ጊዜ ደጁ ላይ አልቀረችም፤ የንስሐ አባቷን ለምና ሁሉን ተናግራ ቀኖናዋን ተቀበለች። አባ ስግደቱን ከሰጧት በኋላ፣ የእግዚአብሔር ይቅርታ በንስሐ ይገኛል፣ የዓይናለም ግን በእሷ እጅ ነው፣ አታጣድፊያት አሏት። መዓዛም ስልክ አልደወለችም። አቤል ግን ማምሻውን አንዲት መልእክት ላከላት፤ «ደርሳለች። ሰው ሁሉ አይቷታል።» መዓዛ ይህችን አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ ከዚያ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ አለቀሰች።

ዓይናለም የተመለሰችው በመስከረም ነው። እንደተመለሰች ቅዳሜ አልመጣችም፤ ሌላ ሴት ቤት አደረች። በቀጠለው ሳምንትም አልመጣችም። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ጥቁሯን ለብሳለች፣ ከስታለች። መዓዛ ግቢ አላለችም፣ ከበሩ ዘወር ብቻ አለች። ዓይናለም ገብታ እዚያው ማዕድ ቤት ተቀመጠች። ስለ መቃብሩ ነገረቻት፤ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ አክስቷ፣ የአባቷ የድሮ ሹፌር ጓደኞች ተደግፈው እንደመጡ። መዓዛ ስታዳምጥ ቆየች። ስትጨርስ ዓይናለም ጠረጴዛውን እያየች ተናገረች።

«ይቅር ብዬሻለሁ እንዳልልሽ፣ ገና ነኝ። አንዳንድ ቀን ያ ድምፅሽ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። ግን የነገርሽኝ ከአርባው በኋላ ቢሆን ኖሮ ይህንን ደረጃ አልወጣውም ነበር። እሱን እወቂልኝ።»

«አውቄዋለሁ፣» አለች መዓዛ።

ሻይ አፈላች። አጠገቧ ሳታስቀምጥ በእጇ አቀረበችላት። ዓይናለም ጥቂት ቆየችና ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበለች። ያችን ሰሜን አገር አንዳቸውም አላነሷት። ይሄዱባት ይሆናል፣ ላይሄዱባትም ይችላሉ፤ እኔ አላውቅም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው ልጆቼ። እናንተም አንድ ቀን የሰው መርዶ እጃችሁ ላይ ይወድቅ ይሆናል፤ ለወዳጃችሁ ብላችሁ ጥቂት ታቆዩት ይሆናል፣ ያ ደግ ነው። ግን ማቆየቱ ሲረዝምባችሁ የምትጠብቁት የእሱን ልብ ይሁን የራሳችሁን እስቲ ዞር ብላችሁ እዩ። ያን ጊዜ ይህቺን መዓዛን አስታውሱልኝ። በክፉ አይደለም፤ በዚያ ማለዳ ዝም ማለት እየቻለች «አይደለም» ያለችውንም ጨምራችሁ አስታውሱልኝ።